ብሎኑ የሚፈታው ሣጥን

በአገራችን የቢሮ ቋንቋ «ሲፒዩ» ማለት ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ሙሉ ሣጥን ነው። «ሲፒዩው አልነሣ አለ»፣ «ሲፒዩውን ጥገና አድርሰው» ሲባል እንሰማለን። እውነተኛው ሲፒዩ ግን በሣጥኑ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ስሌቱን የሚሠራው፣ ስፋቱ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ቁራጭ። የአንዱ ዕቃ ስም ለጠቅላላው የተሰጠው ሣጥኑን ከፍቶ ያየ ሰው ጥቂት ስለነበረ ይመስለናል። ላልተከፈተ ነገር አንድ ስም ይበቃዋል።

ይህ ጽሑፍ ስለ መክፈቱ ነው። ዛሬ አንድ የመሐል ሜዳ፣ የራቤል ወይም የዓለም ከተማ ወጣት ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቶ፣ አንድ ካቻቪቴ ይዞ፣ ራሱ በገጠመው ኮምፕዩተር ላይ አማርኛ ሊጽፍ ይችላል። ይህን ያስቻለው የአንድ ሰው ሊቅነት አይደለም። አንድ ግዙፍ ኩባንያ ቸኩሎ የወሰነው ውሳኔ አለበት፤ ያን ውሳኔ የተሻሙበት ተፎካካሪዎች አሉበት፤ የግዕዝን ፊደል ለማሽኑ ያስተማሩ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ታሪኩ ከመንዝ እጅግ ርቆ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኮምፕዩተር የመንግሥት፣ የትላልቅ ኩባንያዎችና የዩኒቨርሲቲዎች ንብረት ነበር። በ1975 ጥር ወር «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሽፋኑ ላይ «ኦልቴር 8800» የሚባል ሣጥን ይዞ ወጣ። የሠራው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አልበከርኪ ከተማ የነበረ ኤምአይቲኤስ የተባለ ትንሽ ድርጅት ሲሆን፣ ያልተገጠመው ዕቃ ከ400 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ገዢው ዕቃውን በፖስታ ተቀብሎ፣ ቁራጩን ሁሉ እየበየደ ራሱ ይገጥማል። ሲጨርስ የሚያገኘው ኪቦርድም ስክሪንም የሌለው ነገር ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያዎችን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ ያነጋግረዋል፣ እሱም በትናንሽ መብራቶች ይመልስለታል። የማስታወሻው ስፋት 256 ባይት ነበር። ዛሬ በተለመደው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ በዚያ ማሽን ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው 85 ፊደል ብቻ ነው፤ አንድ የመንዝ ሰው ለዘመዱ ለሚጽፈው ደብዳቤ ሰላምታው እንኳ አያልቅበትም።

ያም ሆኖ ሰው ተሻማበት። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜንሎ ፓርክ በተባለ ቦታ፣ በአንድ ሰው የመኪና ጋራዥ ውስጥ፣ ኮምፕዩተር በቤታቸው መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች ተሰበሰቡ። በኋላ «ሆምብሩ ኮምፕዩተር ክለብ» የተባለው ማኅበር የመጀመሪያ ስብሰባ ይህ ነበር። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ባለፈው ቀን፣ የካቲት 25፣ አዲስ አበባ ላይ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታውጇል። በመንዝ ርስት ከአቅኚ አባት ተቆጥሮ የሚወረስ ነበርና፣ አዋጁ እዚያ የተሰማው ጭሰኛው በበዛበት በደቡቡ አገር እንደተሰማው አልነበረም። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። ሆኖም የዚያን ሰሞን መንዝ በምን ተጠምዶ እንደነበር፣ እነዚያ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ በምን እንደተጠመዱ ጎን ለጎን ማየት ዘመኑን ለመገመት ይረዳል።

ከክለቡ አባላት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር። እሱ የነደፈው «አፕል 1» እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ተባለ። የዮሐንስን ራእይ ያነበበ የእኛ አገር ሰው ቢሆን ዋጋውን አይቶ አማትቦ በሸሸ ነበር፤ ዎዝኒያክ ግን ተደጋጋሚ ቁጥር ስለሚወድ ብቻ ነው ይላል። ለዚያ ገንዘብ የሚሰጠው ዕቃ የተገጠመበት ሰሌዳ ብቻ ነበር። ሣጥኑን፣ ኪቦርዱን፣ የኤሌክትሪክ ማቅረቢያውንና ስክሪኑን ገዢው ራሱ ፈልጎ ያሟላል። በእንግሊዝ አገርም ክላይቭ ሲንክሌር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 «ዜድ ኤክስ 81» የተባለውን ማሽን ሳይገጠም ከ50 ፓውንድ በታች ሸጠ። ስክሪኑ የቤት ቴሌቪዥን ነው፤ ማኅደሩ የዘፈን ካሴት ነው። ለድኻ ቤት ልጅ የታሰበ ኮምፕዩተር ቢኖር ይህ ነበር። ችግሩ የአንዱ ማሽን ዕቃ ለሌላው አለመሆኑ ነው። ሲንክሌር ሲንክሌር ነው፣ አፕልም አፕል ነው። አንዱ ሲበላሽ ከሌላው ነቅሎ ማዳን አይቻልም ነበር።

ይህን የለወጠው ለድኻ አስቦ የማያውቅ ኩባንያ መሆኑ የታሪኩ ቀልድ ነው። አይቢኤም በትላልቅ ማሽኖች ዓለምን የያዘ ድርጅት ነበር። ትንንሾቹ ገበያውን ሲሻሙት አይቶ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ራቶን ለተቀመጠ አነስተኛ የባለሙያዎች ቡድን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የጠረጴዛ ኮምፕዩተር አድርሱ አለ። ጊዜው አጭር ስለነበረ ቡድኑ እንደ ኩባንያው ልማድ ሁሉንም ራሱ አልሠራም፤ ከገበያ ገዛ። ሲፒዩውን ከኢንቴል፣ የዲስክ ማንበቢያውን ከታንዶን፣ ፕሪንተሩን ከኤፕሰን፣ ማሽኑን የሚመራውን ሶፍትዌር ከማይክሮሶፍት አመጣ። ሌሎች ተጨማሪ ካርድ እንዲሠሩለትም የማሽኑን ንድፍ በመጽሐፍ አትሞ ለሕዝብ ሸጠ። ማሽኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1981፣ ማለትም ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር፤ በወቅቱ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር 3,240 ብር ያህል መሆኑ ነው።

በገዛ ገንዘቡ የጎረቤቱን በር ከፈተ ማለት ይቻላል። አይቢኤም በሕግ የያዘው ዋና ነገር ባዮስ የተባለው፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ኮምፓክ የተባለው አዲስ ኩባንያ ይህን ፕሮግራም ቀድቶ ቢወስድ ስርቆት ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ባዮሱ ምን ምን እንደሚያደርግ ዘርዝሮ ጻፈ፤ የአይቢኤምን ጽሑፍ በዓይናቸው ያላዩ ሌሎች ባለሙያዎች ደግሞ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ከባዶ ተነሥተው ጻፉ። የኮምፓክ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ተዋወቀ። በ1984 ደግሞ ፊኒክስ የተባለ ድርጅት በዚሁ ዘዴ የተጻፈ ባዮስ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አይቢኤምን የሚመስል ማሽን ለመሥራት የአይቢኤም ፈቃድ ያሻው አልነበረም። ታይዋን ውስጥ ጊጋባይት፣ ኤምኤስአይ፣ አሱስ የተባሉት ሰሌዳ ሠሪዎች ከ1986 እስከ 1989 ባለው ጊዜ ተመሠረቱ፤ ዋጋው በየዓመቱ ወረደ። በ1995 ኢንቴል «ኤቲኤክስ» የተባለውን ልክ አወጣ። ይኸውም የሰሌዳው የብሎን ቀዳዳ የት የት እንደሚሆን፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያው ምን እንደሚመስል የሚወስን ስምምነት ነው። የማንም ሰሌዳ በማንም ሣጥን ይገባል ማለት ነው። ጀማሪ ሰው ኮምፕዩተር መግጠም የቻለው ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። መበየድ ቀረ፤ ብሎን ማጥበቅና መሰካት ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። ማሽኑ ርካሽ ቢሆንም አማርኛ ካላወቀ ለአብዛኛው ሰው ምን ይጠቅማል? የዚያ ዘመን ኮምፕዩተር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው አንድ ባይት ሲሆን፣ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለው። ከዚያም ላይ ጥቂቱን ማሽኑ ለራሱ ምልክቶች ይወስዳል። እኛ ግን 33ቱን ፊደላት በ7 ብናባዛ 231 ይመጣብናል፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ገበታው ይሞላና ይፈሳል። የጽሕፈት መኪናም ከዚህ ቀደም በዚሁ ችግር ፊደላችንን እየቆራረጠ ቀጣጥሎብናል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ለመፍታት ከተነሡት መካከል በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ «ሞድኢት» በተባለው ሥራቸው፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ ፍስሐ አጥላው «ዳሽን» በተባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያቸው ይታወቃሉ። ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ፕሬስ ሲስፋፋ የአዲስ አበባ የኮምፕዩተር ጽሑፍ ቤቶችም በዙ። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ብራና፣ ዋሽራ የተባሉ ፕሮግራሞች በየቤቱ ገቡ። አብዛኞቹ የፊደሉን ብዛት ለሁለት ፎንት አካፍለው፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እየዘለሉ ይሠሩ ነበር። ታዲያ እያንዳንዱ ገበታውን በራሱ መንገድ ስለደረደረ፣ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የጥንቆላ መጽሐፍ ይመስል ነበር። የዚያን ጊዜ ጽሑፍ በፍሎፒ ይዞ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ፤ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን ተቀበለ። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ለመጻፍ ሲባል ለብቻው የሚገዛ ነገር የግድ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሆነው ማሽኑ ክፍት ስለነበረ ነው የሚል እምነት አለን። ንድፉ ታትሞ በእጅ ላይ ባይኖር፣ ኮሎራዶ የተቀመጠ አንድ የእንስሳት ሐኪም የማንን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር? ተዘግቶ የመጣ ዕቃ ምን እንደሚሆን ደግሞ አገራችን በኋላ አይታዋለች። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ያሠራጭ ነበር። መምህሩ ማስቆምም ማስደገምም አይችልም፤ ስክሪኑ ከጠፋ ደግሞ በየወረዳው መለዋወጫ አልነበረውም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ዕቅድ 5,000 ገደማ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እነዚህስ በሕፃን እጅ ተፈትተው እንዲጠገኑ ታስበው የተሠሩ ነበሩ፤ አሳቡ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ዕቃቸው ከራሳቸው በቀር ለማንም አይገጥምም፣ መርካቶም አይሸጥም። መፈታት ብቻውን አይበቃም፤ የተፈታውን የሚተካ ዕቃ በቅርብ መገኘት አለበት። የ1981ዱ ሣጥን ዘመዶች ብልጫቸው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሣጥኑን ይዘን ወደ ደጋው እንውጣ። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው፤ በስተሰሜን ግሼ ይከተላል። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ዕቃ ጣርማ በር ላይ ከደሴ መንገድ ተገንጥሎ፣ በሞላሌ በኩል በሸንተረሩ ላይ ይጓዛል። መርሐቤቴ ለመድረስ ደግሞ በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ መውጣት ነው። እንዲህ ያለ መንገድ የተጓዘ ሣጥን ገና ሳይበራ መከፈት አለበት። ከባዱ የማቀዝቀዣ ብረት ከሲፒዩው ላይ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ራሙም ከቦታው ተንቀሳቅሶ ይገኛል። አልነሣ ያለ ኮምፕዩተር ራሙ ተነቅሎ፣ ወርቃማ ጥርሱ ተጠርጎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ይህን የማያውቅ ሰው ለዚችው ሥራ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

ከፍታው ራሱ ሌላ ነገር ነው። የቆየው ዓይነት ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሃን አለው። አንባቢው ጭንቅላት ሰሃኑን አይነካም፤ ሰሃኑ ሲሽከረከር በሚያነሣው ቀጭን የአየር ምንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ሰሃኑ ይጠጋል፤ ከነካው የተጻፈው ሁሉ ተፋቀ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች በሥራ ላይ ላለ ዲስክ የሚሰጡት የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ የጓሳ ሣር የሚታጨድበት ተራራማ አገር ደግሞ ከ3,200 በላይ ይጀምራል። በካሊፎርኒያና በእስያ ቆላ የተነደፈው ዕቃ ወሰኑን የሚነካው እዚህ ነው። ዲስኩ በወሰኑ ላይ ወዲያው ይሞታል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ አገር ለሚገጥም ሰው ገንዘቡ ጥቂትም ቢሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ለኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ከፍታ አያሰጋውም፣ መንገዱም ብዙ አያናውጠውም። ሣጥኑን የሚያቀዘቅዘው አየርም በመሳሳቱ ሙቀት የመሸከም ኃይሉ ይቀንሳል፤ እንደ ዕድል ሆኖ የመንዝ ብርድ ይህን ይክሰዋል።

ብርዱ ግን የራሱ መዘዝ አለው። የመንዝ ሰው ከበጎቹ ጠጉር የሚፈትለውና የሚያሠራው ባና ሙቀቱ የተመሰከረለት ነው። በበጋ፣ አየሩ ደርቆ ውርጭ በሚወርድበት ወራት፣ በሌሊት ባና የገለጠ ሰው ብልጭታውን ያየዋል፣ ሲንጣጣም ይሰማዋል። ያ ብልጭታ ለሰው ምንም አይደለም፤ ለማዘርቦርድና ለራም ግን ገዳይ ነው፣ ለዓይን ከማይታየው መጠን ጀምሮ ይጎዳቸዋል። የውጭ አገር መጻሕፍት «ምንጣፍ ላይ ሆነህ አትግጠም» ይላሉ፤ ለመንዝ ሲተረጎም በርኖስ ለብሰህ፣ ባና ላይ ተቀምጠህ አትግጠም ማለት ነው። ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ይሻላል፤ ዕቃውን ከመንካት በፊትም የሣጥኑን ብረት መንካት።

ገንዘብ የማይቆጠብበት ዕቃ ፓወር ሰፕላዩ ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፤ ርካሹ ሲሞት ሌላውን ይዞ ይሞታል። ከአሜሪካ በመጡ አሮጌ ሣጥኖች ጀርባ ላይ የምትገኝ ቀይ ማቀያየሪያም አለች፤ በ115 ላይ እንዳለች በእኛ 220 ቮልት ከተሰካች ድምፁ ከጎረቤት ይሰማል። ሌላው የጀማሪ ወጥመድ የታወቀ ስም ያላቸው ያገለገሉ የቢሮ ማሽኖች ናቸው። በዋጋ እነሱን የሚያህል የለም። ሆኖም አንዳንዶቹ ሠሪዎች ከኤቲኤክሱ ስምምነት ወጥተው የራሳቸውን መሰኪያና የራሳቸውን የፓወር ሰፕላይ ቅርጽ ስለሚጠቀሙ፣ ሲበላሽ መተኪያው አይገኝም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ጎኑን ፈትቶ መሰኪያውን ማየት አለበት፤ ሻጩ ጎኑን አላስፈታም ካለ ዕቃው ይቅር። ራምም እንዲሁ ነው፤ ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ እንዳይገባ ጥርሱ ሆን ተብሎ በሌላ ቦታ ተቆርጧል፤ እየተጫኑ ማስገባት ሰሌዳውን መስበር ነው። በመንዝ ምንሽርና ውጅግራ ፈቶ፣ ወልውሎ፣ ጨለማ ውስጥ መልሶ የሚገጥም ሽማግሌ ሞልቶ ነበር፤ ከዚያ ሥራ ይህኛው ይቀላል።

ዋጋው ግን በእኛ እጅ አይደለም። ዕቃው ሁሉ በዶላር የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አዲስ ዕቃ ገዝቶ መግጠም ለደጋው ወጣት የራቀው በዚህ ምክንያት ነው። ብልሃቱ ያገለገለ ሣጥን ይዞ አንድ አንድ ዕቃ እያደር መለወጥ ነው፤ ዘንድሮ ኤስኤስዲ፣ ለከርሞ ራም። ስልክ ይህን አይፈቅድም። ከዚህም በላይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በስልኩ የነበረው ብዙው ነገር ለባለቤቱ ተዘጋበት፤ በሣጥኑ ዲስክ ላይ የተጫነ መዝገበ ቃላት፣ የትምህርት መጽሐፍና የሒሳብ ሰንጠረዥ ግን አውታር አይጠይቅም።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. ከ2017 አካባቢ በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ሲፒዩዎች አይቀበልም። በዚህም የተነሣ በአውሮፓና በአሜሪካ ቢሮዎች ምንም ያልሆኑ ሣጥኖች በገፍ እየወጡ ነው፤ ከፊሎቹም እንደተለመደው መርካቶ ይደርሳሉ። ሊኑክስ ያለ ክፍያ ይጫንባቸዋል፣ አማርኛም ይጽፋል። ወደ መሐል ሜዳ የሚጫነው ግን ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ፣ ኤስኤስዲ ገብቶለት፣ የሲፒዩው ማቀዝቀዣ ብሎን እንደገና ጠብቆ ቢሆን ጣርማ በርን ያለ ስጋት ያልፋል።